ሽፈራውን ከዘር ማብቀል

በራሽን የምናገኘው እህልና ዘይት ሆድ ይይዛል እንጂ አረንጓዴ ነገር የለበትም። ጎመን በየቀኑ ከገበያ ለመግዛት ደግሞ የሁላችንም አቅም አይፈቅድም። በመሆኑም በዚህ እትማችን በካኩማ ሙቀት በግቢያችን ልናበቅለው ስለምንችል አንድ የቅጠል ዛፍ፣ ማለትም ስለ ሽፈራው እንገልጻለን።

ሽፈራው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በጋሞ ሃለኮ ይባላል፤ ኮንሶዎች ደግሞ ቅጠሉን ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ቀቅለው ኩርኩፋ ይሠሩበታል። የእነርሱ ዓይነት በሰሜን ኬንያም የሚበቅል ሲሆን ዘሩ ተለቅና ነጣ ያለ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከህንድ የመጣው ነው። የዚህኛው ዘር ክብና ቡናማ ሆኖ ሦስት ስስ ክንፎች አሉት። አተካከላቸው አንድ ነው፤ የህንዱ ግን ቶሎ ያድጋል።

ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይቻላል፤ ብዙ ሰውም የሚመርጠው ይህንኑ ነው። እኛ ግን ለዚህ አገር ዘሩን እንመርጣለን። ምክንያቱም ከዘር የበቀለ ሽፈራው ዋና ሥሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይሰዳል። ከቅርንጫፍ የተተከለው ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ይጥለዋል፣ ድርቅም ቶሎ ይጎዳዋል።

ዘሩ አዲስ ይሁን። ከዓመት በላይ የቆየ ዘር አብዛኛው አይበቅልም። ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ይረዳል። ዛፉ በሚቆምበት ቦታ ላይ በጥልቀትም በስፋትም 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ከደረቀ የፍየል በጠጥ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዘር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይቀበራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል፤ ከበቀሉት ጠንካራው ብቻ ይተዋል።

ግቢው ገና ካልተስተካከለ በዕቃ ማፍላት ይቻላል። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ስለከለከለች የወተት ካርቶን ወይም ከላይም ከታችም የተከፈተ የዘይት ጣሳ እንጠቀም። ቡቃያው 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከነአፈሩ ይተከል። ሥሩን ለማየት ሲባል አፈሩን ማራገፍ ቡቃያውን ይገድለዋል።

ውሃን በተመለከተ፣ ሽፈራው ጥማትን ከጎርፍ ይልቅ ይችላል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግን ያለ ውሃ መተው የለበትም፤ አትክልት ወይም እህል የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። በዱቄት ሳሙና ልብስ የታጠበበት ውሃ ለቡቃያ አይሆንም።

ከውሃው ይልቅ የሚያስቸግረው ፍየል ነው። አንድ ፍየል የሦስት ወር ልፋት በአንድ ጊዜ ጉርሻ ታደርገዋለች። አጥር ሲታሰብ ታዲያ ከካምፑ ውጭ ወጥቶ እሾህ መቁረጥ ከአካባቢው ቱርካናዎች ጋር ጠብ እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዛፉ የእነርሱ ነው። የጭቃ ጡብ በዙሪያው እስከ ወገብ መደርደር ይሻላል። ለምስጥ ደግሞ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ከግንዱ ማራቅ ነው።

ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ይቀንጠብ። ይህን ሳያደርጉ ከቀሩ ዛፉ ወደ ላይ ብቻ ይመዘዝና ቅጠሉ ከእጅ ይርቃል። ሲቀነጠብ ግን ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ልጆችም ሳይቀሩ ሊለቅሙት ይችላሉ።

ለጋው ቅጠል እንደ ጎመን ይሠራል። የተረፈውን ጥላ ውስጥ አድርቆ፣ አድቅቆ ማስቀመጥ ይቻላል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቫይታሚን ኤው ይቀንሳል። ዱቄቱን ወጡ ወይም ገንፎው ሊወርድ ሲል መጨመር ነው። ብረትና ካልሲየም ስላለው በተለይ ለሕፃናት ይጠቅማል።

ሽፈራው ስኳርንና ደም ግፊትን ይፈውሳል የሚል ወሬ በሰፈሩ ይሰማል። ቅጠሉ ምግብ ነው፤ ከክሊኒክ የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእርሱ ተማምኖ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን። ሥሩና ልጡ መርዝነት ስላላቸው አይበሉም፣ ተቀቅለውም አይጠጡም። ነፍሰ ጡር እናቶች በፍጹም ሊነኳቸው አይገባም።