ከ«ሹፊ» እስከ «ሺፍት»፦ የቤት ውስጥ ዓረብኛ ምን ይጎድለዋል?

ሥራ በጀመርሽበት ወር መጀመሪያ የለመድሻቸውን የዓረብኛ ቃላት እስቲ አስታውሺ። «ታዓሊ» (ነይ)፣ «ጂቢ» (አምጪ)፣ «ሩሒ» (ሂጂ)፣ «ሺሊ» (አንሺ)፣ «ሹፊ» (እዪ)። ሁሉም ትዕዛዝ ናቸው።

ያለ አስተማሪና ያለ ደብተር፣ ከሰው ጋር በመኖር ብቻ ቋንቋ መልመድ ትልቅ ነገር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ገበያ ወጥተሽ የምትገዢ፣ ልጅ የምታጫውቺ፣ እንግዳ የምትቀበዪ ትሆኛለሽ። ነገር ግን ቤት የሚያስተምርሽ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ነው። ስለ ደመወዝሽ፣ ስለ ውልሽ፣ ስለ ሕመምሽ የምትናገሪበትን ቃል ሆን ብለሽ ፈልገሽ ካልያዝሽው በራሱ አይመጣም።

ቋንቋው ዘመድሽ ነው

አማርኛና ዓረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። ቤት «በይት»፣ ራስ «ራስ»፣ ዓይን «ዐይን»፣ ደም «ደም»፣ ስም «ኢስም» ነው። አራት «አርበዐ»፣ ሰባት «ሰብዐ»፣ ዐሥር «ዐሸረ» ነው። ሳምንት «ኡስቡዕ» የተባለው ከሰባት ቁጥር ሲሆን፣ የእኛው «ሱባዔ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ቁርኣን የቀራሽ ከሆነ ደግሞ ፊደሉም አዲስ አይሆንብሽም። ሆኖም ተጠንቀቂ፤ ዘመድ ሁሉ አንድ አይደለም። «ለሕም» ብትባዪ ላም ሳይሆን ሥጋ ማለት ነው።

ትዕዛዙን ወደ ራስሽ አዙሪው

ብዙዎቻችን የሰማነውን ትዕዛዝ እንዳለ መልሰን እንናገራለን። «አየሁ» ለማለት «አና ሹፊ» እንላለን፤ ይህ ቃል በቃል «እኔ እዪ» ማለት ነው። አማርኛ «እዪ» እና «አየሁ» ብሎ እንደሚለይ ሁሉ ዓረብኛም ይለያል። ያለፈ ሥራሽን ስትናገሪ ቃሉ በ«ት» ድምፅ ያልቃል፦ «ሹፊ» የነበረው «ሺፍት» (አየሁ)፣ «ሩሒ» የነበረው «ሪሕት» (ሄድኩ)፣ «ሰዊ» የነበረው «ሰዌት» (ሠራሁ)፣ «ኸሊሲ» የነበረው «ኸለስት» (ጨረስኩ) ይሆናል። ይህችን አንዲት «ት» ከያዝሽ ያደረግሽውንና ያላደረግሽውን ለይተሽ ማስረዳት ትችያለሽ። ዕቃ ጠፋ ወይም ተሰበረ ተብሎ ስትጠየቂ ጥቅሟን ታውቂዋለሽ።

ለአንቺ ያልተነገረውን ስሚ

አሠሪዎች ለሠራተኛ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ይሰባብሩታል። «ይገባታል» ብለው የሚያስቡትን ጥቂት ቃል ብቻ ይመርጣሉ። እርሱን ብቻ ከሰማሽ ዓሥር ዓመት ብትኖሪም ቋንቋሽ እዚያው ይቀራል። ትክክለኛው ዓረብኛ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ፣ ስልክ ሲደውሉ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ያለው ነው። በቀን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ያዢ። ከሁሉም የሚሻሉት ደግሞ ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ አንድን ነገር ደጋግመው ይናገራሉ፣ ብትሳሳቺም ስቀው ያርሙሻል።

ከሌላ አገር ከመጣሽ ልዩነቱን ልብ በዪ። ቤይሩት «አሁን» ለማለት «ሀለእ» ይባላል፤ በባሕረ ሰላጤው ግን «አልሒን» የሚለውን ትሰሚያለሽ።

ቤቱ የማያስተምርሽ ቃላት

እነዚህን በአማርኛ ፊደል ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፦

«ራቲብ» ወይም «መዓሽ»፦ ደመወዝ።
«ዐቅድ»፦ የሥራ ውል።
«ጀዋዝ»፦ ፓስፖርት።
«ኢቃማ»፦ የመኖሪያ ፈቃድ።
«ሲፋራ»፦ ኤምባሲ።
«ራሐ ኡስቡዒያ»፦ ሳምንታዊ ዕረፍት።
«ራሲ ይዐውርኒ»፦ ራሴን ያመኛል። ወገብና ጀርባሽን ካመመሽ «ዘህሪ ይዐውርኒ» በዪ።
«ማ ፊህምት»፦ አልገባኝም።
«ኤሽ መክቱብ?»፦ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማንኛውም ወረቀት ላይ ከመፈረምሽ በፊት ተጠቀሚባቸው። አልገባኝም ማለት አያሳፍርም፤ ያልገባሽን መፈረም ግን ኋላ ያስከፍልሻል።

«ራሐ ኡስቡዒያ» ዝም ብሎ ቃል አይደለም። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68፣ በኳታር በ2017 የወጣው ሕግ ቁጥር 15፣ በዩናይትድ ዓረብ ኤምሬትስም በ2022 የወጣው ሕግ ለቤት ሠራተኛ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይሰጣሉ። ሕጎቹ የተጻፉት በዓረብኛ ነው። ቃሉን በስሙ ጠርተሽ፣ በትሕትና፣ ድምፅሽን ሳታነሺ ስትጠይቂ፣ የምትለምኚ ሳትሆኚ የምታውቂ መሆንሽ ይታወቃል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ለብዙ ነገር እውነት ነው። ሦስት ወር ላልተከፈለ ደመወዝ ግን አይሠራም።

ዛሬ ማታ ሥራሽን ስትጨርሺ ከላይ ካሉት ውስጥ ሦስቱን ምረጪ። ድምፅሽን አውጥተሽ አምስት አምስት ጊዜ በያቸው። ነገ ደግሞ ሌላ ሦስት። ከአንቺ ቀድማ የመጣች እህት ካለች ደውለሽ አነጋገርሽን ታርምልሽ። አዲስ ለመጣችውም አንቺ አስተምሪያት፤ «ታዓሊ» እና «ጂቢ»ን ቤቱ ያስተምራታል፣ «ራቲቢ» ማለትን ግን ከአንቺ ትስማው።