የወንጀል ቁጥር ምን ይነግረናል?

በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ከተማ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ፖሊስ ጣቢያው ቅርቡ ነው። በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ግን በጉ የተሰረቀበት ገበሬ ሩቅ ከመጓዝ በሽምግልና መጨረስን ሊመርጥ ይችላል፤ ያ ስርቆት መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ለምሳሌ ያህል 20,000 ነዋሪ ባላት ከተማ 60፣ 100,000 ሕዝብ ባለበት ገጠር 150 ስርቆቶች ተመዘገቡ እንበል። ለ100,000 ሰው ሲሰላ ከተማዋ 300፣ ገጠሩ 150 ይሆናል። በከተማ ከአራት ስርቆቶች ሦስቱ፣ በገጠር ግን አንዱ ብቻ ለፖሊስ የሚነገር ከሆነ፣ እውነተኛው መጠን 400 እና 600 ነው፤ ደረጃው ተገለበጠ!

ቤልጅየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኬትሌ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከታወቀው ወንጀል ጀርባ ያልታወቀ እንዳለ አስገንዝቦ ነበር። ፖሊስ በመዝገብ ቁጥር ብቻ ቢመደብ ዝም ያለው ገጠር ይረሳል። ስለዚህ «ወንጀል ጨመረ» ሲባል፣ «ወንጀሉ ነው ወይስ አቤት ባዩ?» ብለን እንጠይቅ።