ቪትዝ፦ ባለ 4 ሲሊንደር ወይስ ባለ 3?
ሶማሌ ተራ ዕቃ ስገዛም እዚህም «ባለ 3 ሲሊንደሩ ቪትዝ አቅም የለውም አሉ፤ እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። እንደ መካኒካል መሐንዲስ ልንገራችሁ፦ ሞተሩን አትውቀሱት። ሁለቱም ባለ 1.0 ሊትር ናቸው።

1. ጉልበት፦ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ባለ 4 ሲሊንደር 70፣ በ2005 የመጣው ባለ 3 ሲሊንደር 71 የፈረስ ጉልበት አላቸው።

2. ክብደት፦ ባለ 3 ሲሊንደሩ መኪና ከባለ 4ቱ ከ100 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ዳገት ላይ የሚለግመው በዋናነት ለዚህ ነው።

3. ከፍታ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሁለቱም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣሉ።

4. ንዝረት፦ ባለ 3 ሲሊንደሩ በሚኒሞ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ተፈጥሮው ነው።

5. ካምቢዮ፦ የጃፓኑ ባለ 3 ሲሊንደር አውቶማቲክ ሲቪቲ ነው። ተራ የካምቢዮ ዘይት ያበላሸዋል፤ ዘይቱ የሲቪቲ መሆኑን ጣሳው ላይ ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ልትገዙ ያያችሁት ቪትዝ ካለ ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።