እጃችሁ ጥሩ ነው፤ ሂሳባችሁስ?

አናጺ ወዳጆቼ፣ ሙያ እያላችሁ ኪሳችሁ የሚራቆተው ብዙ ጊዜ ዋጋ በምትናገሩበት ሰዓት ነው። ደንበኛ ቁም ሣጥን ያዝዛል፤ የኤምዲኤፉንና የማጠፊያውን ትደምራላችሁ፣ "የእጄን" ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። ኮላው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ቫርኒሹ፣ መብራቱ፣ የቤት ኪራዩና የመኪናውስ? እነሱ ሁሉ የሚቀነሱት ከእጃችሁ ዋጋ ላይ ነው።

አንድ ኤምዲኤፍ ብዙውን ጊዜ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ስታሰሉት 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጎኖች ይወጡታል። መጋዙ ግን በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል፤ ሁለተኛው ጎን ያጥራል። ጎኑን 60 አድርጉት። አለበለዚያ ለ3 ሚሊ ሜትር ብላችሁ ሌላ ሙሉ ኤምዲኤፍ ልትገዙ ነው። አቆራረጡን ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሳሉት።

ጣውላ ከሆነ እርጥቡን አትንኩ። በክረምት ገዝታችሁ ወዲያው የገጠማችሁት በር በጋ ሲመጣ ይጣመማል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ደንበኛው የሚደውለው ለጣውላ ነጋዴው ሳይሆን ለእናንተ ነው። በየመሃሉ ስስ እንጨት እያስገባችሁ ጥላ ስር ደርድሩትና ይድረቅ።

ቀብድ ቢያንስ የዕቃውን ወጪ ይሸፍን። ዘመድም ቢሆን (በተለይ ዘመድ ከሆነ!)። ልኩን፣ ቀለሙንና የርክክቡን ቀን ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር አውጡ፤ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ደረሰኝ ይጠይቃሉ። እኔ ብሆን መጀመሪያ አንድ ዕቃ ብቻ፣ ለምሳሌ የኮምፒውተር ጠረጴዛ፣ በቋሚ ልክ ደጋግሜ እሠራ ነበር። ልኬቱና አቆራረጡ አንዴ ካለቀለት ቀጣዩ ጠረጴዛ ግማሽ ጊዜ እንኳ ላይፈጅ ይችላል።