የሽግግር ቀፎን ከኮምፔንሳቶ ስለ መሥራት

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚገኝ ንብ አርቢ የሽግግር ቀፎ ለመሥራት ሲነሣ የመጀመሪያ ችግሩ እንጨቱ ነው። ደረቅና ቀጥ ያለ ጣውላ እንደ ልብ አይገኝም። ርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ደግሞ ቀፎ ከሆነ በኋላ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ጉንዳንና የእሳት እራት ይገባበታል። በዚህ ምክንያት ኮምፔንሳቶ ለቀፎ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁን አሉ። መልሳችን ይሆናል ነው፤ ነገር ግን ማንኛውም ኮምፔንሳቶ አይደለም፤ እንዳገኙም አይቆረጥም።

ኮምፔንሳቶ ከግንድ ላይ እንደ ልጣጭ የተላጡ ስስ እንጨቶች እየተደራረቡ በሙጫ የተጣበቁበት ሉህ ነው። የአንዱ ልጣጭ ጭረት በቁመት ከሄደ የሚቀጥለው በአግድም ይሄዳል። የልጣጮቹም ቁጥር 3፣ 5፣ 7 እያለ ብዙውን ጊዜ ጎዶሎ ይሆናል። አንዱ ልጣጭ ሊያብጥ ወይም ሊኮማተር ሲል ሌላው ስለሚይዘው ሉሁ እንደ ጣውላ በቀላሉ አይጣመምም። ሆኖም ይህ ሁሉ ጥንካሬ የተመሠረተው በሙጫው ላይ ነው። ሙጫው ከለቀቀ በእጅ የሚቀረው ልጣጭ ብቻ ነው።

ይህን የተማርነው በራሳችን ጥፋት ነው። መጀመሪያ የሠራነው የኮምፔንሳቶ ቀፎ ፊቱ ያማረ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነበር። ለቤት ውስጥ ዕቃ የተዘጋጀ መሆኑን ግን አልጠየቅንም። በሰኔ ደጅ አስቀመጥነው። ነሐሴ ሳይወጣ የወለሉ ጠርዝ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላልጦ ንቦቹም ጥለውት ሄዱ። በባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1400 ሚ.ሜ. ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ፣ ለቤት ውስጥ የተሠራ ሙጫ ይህን አይችልም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቁራጭ ለምኖ መፈተን ይገባል። የእጅ መዳፍ የሚያህለውን ቁራጭ በድስት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ቀቅሎ በጥላ ማድረቅ ነው። ከዚያ በኋላ ልጣጩ በጥፍር ሲነካ ከተላቀቀ ለቀፎ አይሆንም። ለደጅ የሚሆነው ሙጫ ብዙውን ጊዜ በጠርዙ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ሆኖ ይታያል። ለቤት ውስጥ የሚሆነው ግን ነጣ ያለ ነው። ይሁንና በቀለሙ ብቻ መታመን አይገባም፤ ማሰሮው የበለጠ ይናገራል። አዲስ ሉህ ዓይንና አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማቆየት ያስፈልጋል።

የሉሁ ስፋት 122፣ ርዝመቱ 244 ሳ.ሜ. ሲሆን ለቀፎ ተስማሚው ውፍረት 12 ሚ.ሜ. ነው። በጥንቃቄ ከተለካ ከአንድ ሉህ የሁለት ቀፎ አካል ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀፎ 28 በ90 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት ጎኖች፣ 22 በ90 የሆነ አንድ ወለል፣ እንዲሁም ላዩ 46፣ ታቹ 18፣ ቁመቱ 24 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት ግንባሮች ያስፈልጋሉ። የ90ው ልክ በሉሁ ርዝመት፣ ማለትም በፊቱ ጭረት አቅጣጫ፣ ይሂድ፤ ጥንካሬው በዚያ በኩል ነውና። ግንባሮቹን አንዱን ቀጥ አድርጎ ሌላውን ዘቅዝቆ ቢነድፉ ብዙ ቁራጭ አይባክንም። የመጋዝ ጥርስ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. እንደሚበላ በመዘንጋት መስመሮቹን አጠጋግቶ መንደፍ የብዙ ሰው ስሕተት ነው።

ኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ የሚበላሸው የፊቱ ልጣጭ እየተሰነጠረ ነው። መከላከያው ቀላል ነው። መስመሩን በስኳድራ ካሰመሩ በኋላ በስለታም ቢላዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መጫር ነው። መጋዙ ጥርሱ ደቃቅ ይሁን። የእጅ መጋዝ ወደ ታች ሲገፋ ስለሚቆርጥ ስንጣሪው የሚወጣው በታችኛው ፊት ነው፤ በዚህም የተነሣ መልካሙ ፊት ወደ ላይ ይደረጋል። በእጅ የሚያዝ ክብ የኤሌክትሪክ መጋዝ ግን ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ መልካሙ ፊት ወደ ታች መሆን አለበት። ፔዳ አካባቢ ለእንጨት ሠራተኛ ሰጥቶ የሚያስቆርጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያሳስብ አይጎዳም። (ፔዳ የሚለው የሰፈር ስም በ1972 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ የመጣ ነው።) ሉሁ በሁለቱም በኩል ከሥሩ ድጋፍ ይኑረው። ድጋፍ ከሌለው የመጨረሻዋ ጣት ያህል ሳትቆረጥ ትገነጠላለች።

በማያያዝ ጊዜ በ12 ሚ.ሜ. ጠርዝ ላይ ምስማር መምታት ልጣጩን ይከፍለዋል። በየማዕዘኑ ውስጥ ቀጭን ደረቅ እንጨት አስገብቶ ኮምፔንሳቶውን በእርሱ ላይ መምታት ይሻላል። ለብሎን አስቀድሞ በትራፓኖ ጠባብ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። የተለመደው ነጭ ኮላ ውኃ ሲነካው ስለሚለሰልስ ብቻውን አይበቃም። ጎኖቹ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ስለሆኑ የታች ጠርዛቸው በመላጊያ ሰያፍ ተደርጎ ከወለሉ ጋር ይገጥማል።

ንቦቹ የማር እንጀራቸውን የሚያንጠለጥሉባቸው የላይ ርብራቦች ግን ከኮምፔንሳቶ አይሠሩም። ከደረቅ እንጨት ተሠርተው ርዝመታቸው 48 ሳ.ሜ.፣ ወርዳቸው 32 ሚ.ሜ. ይሁን። 28 ርብራብ ቀፎውን ይሸፍናል። ይህ የወርድ ልክ የአገራችን ንብ በሁለት እንጀራ መካከል የምትጠብቀው ርቀት ነው። ርብራቡ ከሰፋ እንጀራውን አግድም ታያይዘዋለች፤ በመቁረጫ ጊዜም ሁሉም አብሮ ይቀደዳል። በሌላው ነገር የሚሳሳት ሰው ጥቂት ያጣል፤ በዚህ የሚሳሳት ግን የሽግግር ቀፎውን ጥቅም በሙሉ ያጣል።

ቀለም የሚቀባው ውጭውን ብቻ ነው። ውስጡን ንቦቹ ራሳቸው ከዛፍ በሚሰበስቡት ሙጫ ይለስኑታል። መጀመሪያ በ80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጭረቱን ተከትሎ ማለስለስ፣ ከዚያም ጠርዞቹን ሁሉ በቀጠነ የዘይት ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠጣት ይገባል። ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በጠርዙ ስለሆነ ጠርዙ ሳይጠጣ ፊቱን ማሳመር ድካም ብቻ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በቀፎው አካል ላይ ፈጽሞ አይቀባ፤ ቦታው በቀፎው እግር ሥር በሚደረገው የጉንዳን መከላከያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ክዳኑ ከሣር ወይም ከቆርቆሮ ሆኖ ከጎኖቹ ወጣ ይበል።

ኮምፔንሳቶ ለመግዛት አቅም የሌለው ንብ አርቢ በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ አይበል። በዚሁ ልክ ከጨፈቃ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተመረገ ቀፎ፣ ርብራቡ 32 ሚ.ሜ. ከሆነ፣ ማር በመስጠት ከኮምፔንሳቶው አያንስም፤ በየዓመቱ መመረግ ግን ይፈልጋል። የኮምፔንሳቶ ቀፎ በግንቦት ቢቆረጥና ቢቀባ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳና መንጋ መውጣት ሲጀምር የቀለሙ ሽታ ጠፍቶ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል።