ሀረጎን የወረደ ጎመን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተሳፋሪ የሀረጎን ቁልቁለት ሲጨርስ ጃኬቱን ያወልቃል። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። አየሩ በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት 4 ዲግሪ ይጠጋል። ይህ ለሰው ጃኬት አውልቆ መገላገል ነው፤ ለጥቅል ጎመን ግን አገር መቀየር ነው።

ቢስቲማ ላይም ነገሩ ያው ነው። ከተማዋ ከሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የወረባቦ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ወረዳው ራሱ ከደጋማ ተረተር ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ላይኛው ቀበሌ ያለ ሐሳብ የሚያበቅለውን ካሮት ታችኛው ቀበሌ በብልሃት ካልሆነ አያገኘውም። ብልሃቱ ግን አለ። የሚጠይቀውም ገንዘብ ሳይሆን የወሩን፣ የሰዓቱንና የጥላውን ነገር ልብ ማለት ነው።

የደጋ አየር የሚወዱት የጓሮ አትክልቶች ብዙ ናቸው፦ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከቅመሙ ወገን ደግሞ ድንብላልና እንስላል። አብዛኞቹ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አየር ይመቻቸዋል። ሲሞቃቸው የሚያኮርፉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ጥቅል ጎመን ቅጠሉን ዘርግቶ ይቀራል እንጂ አይጠቀልልም። ካሮት ያጥራል፣ ቀለሙም ይገረጣል። ቀይ ሥር ሲቆረጥ እንደ ዛፍ ግንድ ነጫጭ ቀለበት ያሳያል። በቂ ብርድ ያላገኘ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች ማውጣቱን ትቶ አንድ ድቡልቡል ራስ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉም ቶሎ የሚከፋው ሰላጣ ነው። ትናንት ምድር ላይ ዘርፈፍ ብሎ የነበረው ተክል በጥቂት ቀን ውስጥ ከመሐሉ አንገት ያወጣል፤ ቅጠሉም እየጠበበና እየሾለ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ግንዱን በጥፍር ቢጭሩት ነጭ ወተት ጠብ ይላል። ቅጠሉን መራራ የሚያደርገው በዚሁ ወተት ውስጥ ያለው ነገር ነው። የሳይንስ ስሙ ላክቱካ የተባለውም በላቲን ወተት ከሚለው ቃል ተነሥተው ነው። አንዴ አንገት ያወጣን ሰላጣ ውሃ ቢያጠጡትም፣ ጥላ ቢሠሩለትም አይመለስም፤ ለዶሮ ወይም ለበግ ይሰጣል።

አውሮፓ ውስጥ ሰላጣን ለአበባ የሚያስቸኩለው ሙቀት ብቻ ሳይሆን የበጋው ቀን ርዝመትም ነው። ደቡብ ወሎ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰላጣውን የሚያጣድፈው በዋናነት ሙቀቱ ነው። ከባሕር ማዶ በመጣ የዘር ፓኬት ጀርባ ላይ «በጸደይ ይዘሩ» የሚለው ምክርም ኮምቦልቻ ላይ ትርጉም የለውም። የፓኬቱ ጸደይ የሚባሉት መጋቢትና ሚያዝያ፣ እዚህ ወደ ዓመቱ ሙቀት መግቢያ ናቸው።

ኮምቦልቻ የምትግለው የበልጉ ዝናብ ሸሽቶ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። ያኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ደሴ ላይ የሚፈራው የኅዳር ብርድ ኮምቦልቻ ላይ የሚናፈቅ እንግዳ ነው።

ስለዚህ መደብ የሚሠራው ለመስቀል ሰሞን ነው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ፍግ ይቀላቀልበትና የጥቅል ጎመን ዘር ይፈላል። ችግኙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መደቡ ላይ ቆይቶ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መግቢያ ይዛወራል። ጥቅሉ በጥርና በየካቲት ይደርሳል። ሰላጣና ቆስጣ ይቀድማሉ። ይህ አቆጣጠር ከገበታው ጋር መገጣጠሙ ደግሞ ሌላ በረከት ነው፤ የጓሮው አትክልት የሚበዛው ዐቢይ ጾም በሚገባበት ወቅት ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ስለገቡ፣ እንደ ወሎ ባለ፣ አጥር የሚጋሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች ባሉበት አገር ያው አንድ መደብ ሰላጣ ለጾም ምሳም ለማፍጠሪያም ይበቃ ነበር።

በክረምቱ መሐል ጥቅል ጎመን ለማሳደግ መታገል ግን ከልማድ የመጣ ነው እንጂ ብዙም አያዋጣም። ውሃ ይተኛበታል፣ በረዶ ይመታዋል፣ ቅጠሉም ይበሰብሳል። በክረምት የግድ መትከል ያሻው ሰው መደቡን ከፍ ማድረግ አለበት።

ዘር ማብቀሉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ28 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሳይሞት ይተኛል። ባለቤቱ ዘሩ የከሰረ መስሎት ይረግመዋል፤ ጥፋቱ ግን የዘሩ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዘሩን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ለምሳሌ የውሃ እንስራ ሥር፣ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፤ ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል አመሻሽ ላይ መዝራት። ካሮት ደግሞ በጣም ትዕግሥት ይፈትናል። ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በዚህ መሐል የላይኛው አፈር አንድ ቀን ከደረቀ የበቀለውም ይቀራል። ስለዚህ መደቡን በስሱ ገለባ ማልበስ፣ ጠዋት ጠዋት በቀዳዳ ጣሳ ማርከፍከፍ፣ ቡቃያው ብቅ ሲል ገለባውን ማንሣት ነው። ካሮት አይዛወርም፤ ሥሩ ከተነካ ሁለት እግር አውጥቶ ያድጋል። ይልቅ እየተነቀለ ይሳሳል፤ የተነቀለው ቀጭን ካሮትም ሾርባ ውስጥ ይገባል።

ችግኝ የሚዛወረው ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት የተዛወረ ችግኝ ሥሩ አፈሩን ሳይዝ ቀትር ይደርስበታል፤ ማታ የተዛወረው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያርፋል።

ጥላን በተመለከተ ብዙ ሰው መረብ መግዛት ያስባል። ቤት ባለበት ግቢ ግን የመጀመሪያው ጥላ ቤቱ ራሱ ነው። ከቤቱ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ሥር የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከሰባትና ከስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ የቤቱ ጥላ ያርፍበታል። ለሰላጣ፣ ለድንብላልና ለእንስላል ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። በስተምዕራብ ያለው ግን የከሰዓቱን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል፣ የቆርቆሮ አጥር ካለበትም ግለቱ እጥፍ ይሆናል፤ እዚያ በርበሬና በሶብላ ይመቻቸዋል። የሙዝ ጥላም መልካም ነው፣ ሙዙ ውሃውን የሚሻማ መሆኑ ካልተረሳ። አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ደግሞ ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ ውሃውንም ያቆያል። በጋ ዝናብ ስለሌለው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢም እዚያው ይደፋል።

ከጎመን ወገን ግን ወሎ ላይ እንግዳ ያልሆነ አንድ አለ፦ የአበሻ ጎመን። ከጥቅል ጎመን ይልቅ ሙቀትን ይችላል፤ ታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ አናቱ ስለሚቀርም ወራት ይመግባል። የዘር ሐረጉም አስገራሚ ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ይህ ተክል የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆነ ተክል በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን አሳይቷል። የሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከዚሁ ጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው ካንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን ሲበር ከነዳጁ ጋር ቀላቅሎታል። ወሎ ውስጥ ግን ጎመን ዘር የሚታወቀው በሌላ ነው፤ እንጀራ ሊጋገር ሲል ምጣዱ የሚታሰሰው በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሞቃት ጓሮ ሒሳብ የሚለየው። ለሌላ አገር አትክልተኛ ጎመን ሲያብብ ኪሳራ ነው። ለወሎ እመቤት ግን ካበበው ጎመን ጥቂቱን ማቆየት የዓመት ማሰሻ ማስቀመጥ ነው። ድንብላልም እንዲሁ ነው። ቅጠሉን ለሰላጣ የሚፈልግ ሰው ሙቀት መጥቶ ሲያስቸኩለው ይናደዳል፤ በርበሬ የምታዘጋጅ ሴት ግን ከመጀመሪያውም የምትፈልገው ፍሬውን ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየዘራ መቀጠል ነው ያለበት፤ ቀድሞ ያበበው ለፍሬ፣ ለጋው ለቅጠል ይሆናል።

ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ይህን ዕድል አይሰጡም። አብበው ዘር ለመስጠት ለሳምንታት የዘለቀ ብርድ ማግኘት አለባቸው፤ ኮምቦልቻ ያንን አትሰጥም። ስለዚህ ዘራቸው በየዓመቱ ከሱቅ ይገዛል። የዘር መሸጫው መደርደሪያም ካርታ ይመስላል፦ ጥቅል ጎመኑ ኮፐንሀገን ማርኬት፣ ካሮቱ ናንቴስ፣ ቀይ ሥሩ ዲትሮይት። ፓኬቱ የተመረተበትና የሚያበቃበት ጊዜ ሳይታይ መግዛት አይገባም። በተለይ ሙቀት ያለበት ሱቅ ውስጥ የከረመ የካሮት ዘር ቶሎ ይደክማል።

ከቅመማ ቅጠሉ ወገን ጦስኝ ለብቻው ይነገርለት። ጦስኝ የደጋ ተራራ ልጅ ነው፤ በተፈጥሮው ከ2,200 ሜትር በላይ ባለ ድንጋያማ ቦታ ላይ ምንጣፍ ሆኖ ይገኛል። በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ በቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ የሚባልለት፣ በመጨረሻም አድዋ ላይ ያረፈው ሰው። ሞቃት ግቢ ውስጥ ጦስኝን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱ ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ቀዳዳ ባለው ጣሳ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ መትከል፣ የጠዋት ፀሐይ ማሳየት፣ አፈሩ ሳይደርቅ አለማጠጣት ይበቃዋል። ጤና አዳም ደጋም ወይና ደጋም አይመርጥም። የጥብስ ቅጠልም ፀሐይና ደረቅ አፈር ካገኘ ዓመታት ይኖራል። ናና ግን ከቧንቧው አጠገብ ይሁን፤ አለበለዚያ በጋው ያደርቀዋል፣ ከተመቸው ደግሞ ግቢውን ይወርሳል።

ተባይን በተመለከተ የበጋው ዋና ጠላት ክሽክሽ ነው። ለማየት የጎመኑን ቅጠል መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ መንጋ ጅማቱን ይዞ ይገኛል። ጥቂት ከሆነ ቅጠሉን ቀንጥሶ ከግቢ ማውጣት ይበቃል። ጤዛ ሳይደርቅ በጠዋት የሚበተን የምድጃ አመድም የቆየ መድኃኒት ነው። ቅጠሉን እየበሳ የሚያስቸግረው ትንሹ አረንጓዴ ትል በሙቅ አየር ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትውልድ ስለሚተካ፣ በቆላ ጓሮ ከደጋው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ቤተሰብ የሚበላው ቅጠል ላይ ሳያጠኑ መርዝ መርጨት ግን የሚመከር አይደለም፤ እጅና ዓይን ለአንድ ግቢ ይበቃሉ።

ሚያዝያ ሲጋመስ ሰላጣው አልቋል፤ ካሮቱም ተነቅሏል። ግድግዳው ሥር የቀረው ድንብላል ቡናማ ሆኖ ዘንበል ይላል። እንዳይረግፍ በጠዋት፣ ጤዛ ሳለ ታጭዶ ጥላ ላይ ይደርቅና ሰፌድ ላይ ይታሻል። ገለባው ተነፍቶ ሲወጣ የሚቀረው ድቡልቡል ፍሬ ሁለት ቦታ ይከፈላል፦ ብዙው ለበርበሬ፣ እፍኙ በጠርሙስ ታሽጎ ለመስከረም መደብ። የጎመኑ ዛላም በክር ታስሮ ማጀት ውስጥ ቁልቁል ይሰቀላል፤ ሲደርቅ ኮሽ ኮሽ እያለ ከሥሩ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ጥቁር ቡናማውን ዘር ያራግፋል።