የሰውና የኮምፒዩተር መስተጋብር ጥናት ለጤና ባለሙያ ያለው ፋይዳ

በጤና ተቋማት የመረጃ ስህተት ሲገኝ በአብዛኛው ተጠያቂ የሚደረገው መረጃውን ያስገባው ባለሙያ ነው፤ የመፍትሔ ሐሳቡም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሥልጠና ይሆናል። ይሁን እንጂ ስህተቱ ባለሙያው ከሚጠቀምበት ቅጽ ወይም የኮምፒዩተር ገጽ አቀራረጽ ሊመነጭ ይችላል። ይህን መርምሮ የሚለየው የትምህርት ዘርፍ የሰውና የኮምፒዩተር መስተጋብር ይባላል።

የዘርፉ ምንነት

ዘርፉ ከሥነ ልቡና፣ ከኮምፒዩተር ሳይንስና ሥራን ከሠራተኛው ጋር ከሚያጣጥመው ኤርጎኖሚክስ የተውጣጣ ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው መስፈርት መሠረት የአንድ ሥርዓት ለአጠቃቀም አመቺነት በሦስት ነገሮች ይመዘናል። እነርሱም ተጠቃሚው ሥራውን በትክክል መፈጸሙ፣ በአነስተኛ ጊዜና ድካም መፈጸሙ፣ እንዲሁም በአሠራሩ መርካቱ ናቸው።

ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ መሆኑን የቴራክ-25 ታሪክ ያስረዳል። በዚህ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ደርሷቸዋል፤ ከመካከላቸውም ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። መሠረታዊው ጉድለት የሶፍትዌር ቢሆንም መሣሪያው ለባለሙያዎቹ ያሳይ የነበረው ትርጉም አልባ የብልሽት ቁጥር ብቻ ነበር። በአንድ ቁልፍ ሥራውን መቀጠል ይቻል ስለነበረም አደጋው ሊታወቅ አልቻለም።

ከፎገራ ሜዳ አንጻር

በወረታ ዙሪያ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ የሚያገለግል የጤና ባለሙያ ዕለት ተዕለት የሚሠራው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን የልደት ቀን 5/4/2017 ተብሎ ቢመዘገብና ሥርዓቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ቢያነበው ልደቱ ሚያዝያ ሳይብት መጋቢት 27 ቀን 2009 ዓ.ም. ይሆናል። አራስ የነበረው ሕፃን የ7 ዓመት ከ8 ወር ልጅ ሆኖ ስለሚታይ በ6ኛ ሳምንቱ ክትባት ከሚጠባበቁት ዝርዝር ይወጣል። የሰዓት አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት 2፡00 ተብሎ ቢገባ ኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። በየ6 ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ የአንድ ሙሉ መጠን ልዩነት ነው።

የምርጫዎች አደራደርም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ከፎገራ ጋር በሚዋሰነው ሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ መከሰቱ ይታወሳል። ትኩሳቱ በወባማ አካባቢ ከወባ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ወባን በመጀመሪያው መስመር፣ ካላዛርን ግን ብዙ ገጽ ከተገለጠ በኋላ የሚያሳይ ዝርዝር ጥድፊያ ላይ ያለን ባለሙያ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። በአንጻሩ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ሲመዘገብ ካላዛርን የሚያስታውስ ገጽ የባለሙያውን ውሳኔ ያግዛል።

በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው ትምህርት

የዘርፉ ተማሪ በቅድሚያ የሚማረው ሥራን በሥራው ቦታ መመልከትን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም የፀሐይ ነጸብራቅ የታብሌቱን ገጽ ሲሸፍነው እንዴት እንደምትሠራ በቤተ ሙከራ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። ቀጥሎ ተማሪው የገጹን ንድፍ በወረቀት ይሠራል፤ ለተጠቃሚዎችም እውነተኛ ተግባር ሰጥቶ የሚሰናከሉበትን ቦታ ይመዘግባል። አምስት ያህል ተጠቃሚዎች በርካታዎቹን ዋና ዋና ችግሮች ሊያሳዩ እንደሚችሉ የዘርፉ ልምድ ያመለክታል። ሆኖም ነርሱ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየራሳቸው ሊፈተኑ ይገባል። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መለኪያም ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ መቶኛ አይደለም፤ 68 አካባቢ እንደ አማካይ ይቆጠራል።

በአገራችን ለጤና ባለሙያ ቅርብ የሆነው መንገድ የጤና ኢንፎርማቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። የመመረቂያ ጥናቱ በእጅ ያለን ሥርዓት ለመፈተን መልካም አጋጣሚ ነው። ጤና ሚኒስቴር ሥራ ላይ ያዋለው፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 እና የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ለዚህ ተስማሚ ናቸው።

ማጠቃለያ

ኮምፒዩተር መጠቀም የማንኛውም ባለሙያ ድርሻ ነው፤ ገጹ ለምን እንደሚያሳስት መጠየቅ ግን ሥልጠና ይፈልጋል። የሕክምናውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ትምህርት ሲጨምርበት የሶፍትዌር ሠሪው የማያየውን ያያል። ትምህርቱን ለመጀመር ዕድል ያላገኙ ባለሙያዎችም ተደጋግሞ የሚታይን ስህተት የማን ነው ከማለት አስቀድመው የትኛው የገጹ ክፍል ላይ እንደሚከሰት፣ በምን ሰዓትና በስንት ሰው ላይ እንደታየ ቢመዘግቡ ለማሻሻያው ጠቃሚ ማስረጃ ያበረክታሉ።